ከግዕዝ ወደ ሳድስ

ናይፍ ውስጥ ነው ሱቄ፣ ከወርቅ ገበያው ጀርባ፤
ሚዛን፣ ፕላስተር፣ ካርቶን፤ አንዱ ሰው ሲገባ
ሌላው ሰው ይወጣል፤ ጥበቷ ያን ያህል።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሳባብል፣
የሰው መስኮት ስወለውል፣ በድርሃም በድርሃም የቆመች ንግድ፤
ሻንጣ እየመዘንኩ ወደ አገር የምሰድድ።

ከመንገዱ ማዶ እንድሪስ ይመር አለ፣
ዐሥራ ስድስት ዓመት «አደራ ካርጎ» እያለ
ስሙን እንደ ቆዳ አልፍቶ ያለሰለሰ፤
ዕቃ ጠፋ ቢሉት፣ ሳይሟገት፣ ከኪሱ የመለሰ።

በረከተአብ መጣ፣ ድረ ገጽ ሠሪው፤
«ስም ስጪኝ» አለኝ፣ «ጣት የለመደው።»
ጣት የለመደውን አሳምሬ ዐውቃለሁ።
«አድራ» በለው አልኩት፤ እንዲህም አስረድቻለሁ፦
«ማታ ከዚህ ተነሥታ፣ ሰማይ ላይ አድራ፣
ቦሌ የምትደርስ ሻንጣ፣ ገና ወፍ ሳይጣራ።»
ልጁ ሣቀ። ሣቁ አልጣመኝም።

ከ«ደ» ወደ «ድ»፣ ከግዕዝ ወደ ሳድስ፣
የብዕር ጫፍ ጭረት፣ ዐይን ዘንድ የማትደርስ፤
በእንግሊዝኛው ፊደል አንዲት «ኢ» ጎደለች፤
አርባ ስምንት ድርሃም፣ የዓመት፣ ተከፈለች።
«ነጻ ነው፣ ያንቺ ነው» አለ ኮምፒውተሩ፤
ባለቤት የለውም ይባላል ወይ ቤቱ፣ ስለተከፈተ በሩ?
(ይህን የጠየቅኩት ዛሬ ነው።)

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጩኸት አበዛ፤
«ጋሽ እንድሪስ የሉም?»
«አሁን እዚህ የሉም» እላለሁ እንደ ዋዛ።
እውነት ነው። እዚህ የሉም።

ሸጊቱ ከአል ዐይን መጣች፣ የዕረፍት ቀኗን ሰውታ፣
የእናቷን የስኳር መድኃኒት በፎጣ ጠቅልላ፣ በፌስታል ደግማ፣ ፈርታ።
«የአደራ ልጆች ናችሁ፣ አይደል?» አለች።
አዎ አላልኳት። አይደለንም አላልኳት።
መዘንኩላት።
ስምንት ኪሎ ከሁለት።

«አድራ» ያልኩት ዕቃ ጉምሩክ ገባና
ዐሥራ አንድ ሌሊት አደረ።

ከዚያ ደብዳቤው፦ ሰማያዊ ማኅተም፣ ሁለት ገጽ ዐረብኛ።
ይዤው ሮጥኩ ወደ ኢሕሳን፣ ሱዳናዊቷ አስተርጓሚ ዘንድ፤
በደረሰኝ ጀርባ ጽፌ ተሟገትኩ፦
ይኸው «ደ»፣ ይኸው «ድ»፤
ይቺ ጭረት አለባት፣ ያቺ የለባትም፤ መልካቸውም ትርጉማቸውም ለየቅል ነው፤
አንዱ አምኖ መስጠት፣ አንዱ ሌሊት ማለፍ፤ ምን አገናኘው?

መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ሁለት መስመር ጻፈች።
አሊፍ፣ ዳል፣ ረእ፣ አሊፍ።
ከሥሩ፣
አሊፍ፣ ዳል፣ ረእ፣ አሊፍ።
«የቱ ነው ያንቺ?» አለች።

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ፣ ማስረጃ ቁጥር አራት፦
የራሴ እጅ ጽሑፍ። ሸጊቱ። ስምንት ኪሎ ከሁለት።
እንድሪስ ጋ ሄዳ አልቅሳ፣ እሱም ደረሰኙን አይቶ፣ የኔ ነው አይደለም ሳይላት
የመድኃኒቱን ዋጋ ከኪሱ ቆጥሮ ሰጣት።
ሕጉ «ማደናገር» ይለዋል፣ በጨዋ ቋንቋ፤
በእኛ ሌላ ስም አለው፦
አደራ በላ።

ሰኞ ቢጁ መሰላል ይዞ መጣ፣ ሰሌዳውን ነቀለ፤
አራት የብሎን ቀዳዳ ግድግዳው ላይ ቀረ።
ዶሜኑን አስረከብኩ። መንገዱን ተሻገርኩ፤
የሸጊቱን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ ቆጠርኩ።
እንድሪስ ደብተሩን ገለጠ፣ ካርቦኑን አስተካክሎ፣
«ስም?» አለኝ፣ እንደ ማንም ደንበኛ፣ ብዕሩን አዘንብሎ።
«ወለላ» አልኩ።
ጻፈው።

አሁን በረከተአብ ይወተውተኛል፦
«ወለላ እንበለው፤ የራስሽ ስም፣ ማን ይከስሻል?
ግን ፈለግኩት፤ አጅማን ያለ ማር ሻጭ ቀድሞ ይዞታል፤
መጨረሻው ላይ አንዲት ‹ኤች› ብንጨምርበት...»
«ዝጋው» አልኩት።

ቢጁ ይደውላል፣ ምን ልጻፍ እያለ።
አራቱ ቀዳዳዎች ገና አልተደፈኑም።